ለ12 የቢሮ ኮምፒውተር ዊንጌት፣ ቾኮሌቲ ወይስ ናይናይት? (ኢንተርኔታችን በጂቢ ነው)

ጀማሪ_አድሚን፦
ሰላም ወገን፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ቢሮ ውስጥ 12 ኮምፒውተር አለ፣ 10ሩ ዊንዶውስ 11፣ 2ቱ ኡቡንቱ (ሊኑክስ)፣ አይቲ ተብዬው እኔ ነኝ (ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስም የሚጠሩት እኔኑ ነው)። ባለፈው እየዞርኩ ሳይ አንዱ ላይ ዊንራር (ዚፕ ምናምን መክፈቻው) 5 ምናምን አገኘሁ፣ ሌላው ላይ ቪኤልሲ (ቪዲዮ ማጫወቻው)፣ ከተጫነ ጀምሮ ማንም ነክቶት የማያውቅ። ድሮ ሴኩኒያ ፒኤስአይ የሚባል ነበር፣ የቱ እንዳረጀ ራሱ ፈልጎ የሚነግር፣ እሱም 2018 ላይ ቀረ። አሁን ፕሮግራም ለመጫንና ለማደስ ከዊንጌት፣ ከቾኮሌቲና ከናይናይት የቱን ትጠቀማላችሁ? ኢንተርኔቱ በጥቅል ስለሆነ ሁሉም ባንዴ ማውረድ ከጀመረ ከቦታዬ የምወርደው እኔ ነኝ።

ቢትወደድ፦
ናይናይትን ተወው። መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ እንደውም ለእናትህ ላፕቶፕ ከሱ የሚሻል አላየሁም፣ ያችኑ ያወረድካትን ፋይል ደግመህ ስትከፍታት ያረጀውን ብቻ ለይታ ታድሳለች፣ ኔክስት ኔክስት የለ፣ ትርፍ ቱልባር የለ። ግን ነጻው ለቤት ብቻ ነው፣ ለቢሮ ፕሮውን መክፈል አለብህ። ዊንጌት ግን ዊንዶውስ 11 ላይ አብሮ ስለሚመጣ የምትጭነው ነገር የለም፣ ተርሚናል ከፍተህ ዊንጌት አፕግሬድ በለው (በእንግሊዝኛ ፊደል ነው እንግዲህ)፣ የተጫነው ስንት እንደሆነ አዲሱ ስንት እንደሆነ በሰንጠረዥ ያወጣልሃል። ኦል (ሁሉንም አድስ ማለት ነው) ካልጨመርክበት ፕሮግራሞቹን አያወርድም፣ ለማየት ያህል ጥቅልህን ብዙም አይነካም። ጥቁር ስክሪን ካስጠላህ ዩኒጌትዩአይ አለልህ፣ ዊንጌትንም ቾኮሌቲንም ስኩፕ የሚባለውን ሌላ መጫኛም በአንድ መስኮት ያሳይሃል።

ዊንራሩን ግን ዛሬውኑ!! እሱ እንደ ክሮም ራሱን አያድስም፣ 2023 ላይ የወጣው የደህንነት ቀዳዳ ደግሞ ዚፕ ውስጥ ያለ ፎቶ የከፈትክ መስሎህ ሌላ ነገር ያስነሳብህ ነበር፣ የተደፈነው 6.23 ላይ ነው።

የሰሚት_ልጅ፦
ስለ ኦል እኔ ልናገር፣ ስለቀመስኩት። ቅዳሜ ቤቴ ቁጭ ብዬ የቢሮውን ማሽን በርቀት መቆጣጠሪያ ይዤ አፕግሬድ ኦል አልኩት፣ ዝርዝሩን እንኳ አላነበብኩም። ለካ ከሚታደሱት አንዱ ያው የያዝኩበት የርቀት መቆጣጠሪያ ኖሯል ሃሃሃ፣ መሃል ላይ ራሱን ዘጋና እኔም እዛው ተቆረጥኩ። ዘበኛችን ጋ ደወልኩ፣ "ጋሼ እባክዎ ሞኒተሩን ያብሩልኝ፣ ምን ይታያል?" "ሳጥን ነገር መጥቷል፣ ሁለት ቁልፍ አለው።" "ግራውን ይጫኑት።" "በማን ግራ ልጄ፣ በኔ ነው በሱ?" እንዲህ ስንባባል የስልኬ ሂሳብ አለቀ፣ ሰኞ በጠዋት ሄጄ ነው የጨረስኩት።

ከዛ ወዲህ ያንን ፕሮግራምና የሂሳብ ክፍሏን ሶፍትዌር በዊንጌት ፒን አድ አስሬያቸዋለሁ፣ ኦል ብትለውም ይዘላቸዋል። ደግሞ ስሪቱን ማወቅ ያቃተውን ፕሮግራም አንኖውን (ያልታወቀ) ብሎ ያልፈዋል፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ባዶ ሆነ ብለህ እጅህን አጣጥፈህ አትቀመጥ።

ጀማሪ_አድሚን፦
እሺ ገባኝ፣ ግን 10ሩም ለየብቻ ነው የሚያወርዱት? እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው

የአፕት_ወዳጅ፦
ዊንጌት አዎ፣ እያንዳንዱ ማሽን በራሱ ካምራቹ ሳይት ነው የሚያመጣው፣ 100 ሜጋ የሆነው ነገር 10 ቦታ 1 ጂቢ ሆነብህ ማለት ነው። ዊንጌት ዳውንሎድ የሚል ትእዛዝ አለው፣ ጫኚውን አንዴ አውርደህ በሼርድ ፎልደር ታዞረዋለህ። ቾኮሌቲ የሚያሸንፈው እዚህ ጋ ነው፣ የራስህን ሰርቨር ቢሮ አቁመህ ሁሉም ከሱ እንዲወስድ ማድረግ ትችላለህ፣ ግን ለ10 ማሽን ብዬ እኔ አልደክምበትም። የዊንዶውሱን የራሱን አፕዴት ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ገብተህ ሎካል ኔትወርክ ብቻ አድርገው፣ አንዱ ያወረደውን ለጎረቤቱ ያካፍላል።

ኡቡንቱዎቹ የተባረኩ ናቸው፣ የደህንነቱን አፕዴት አንአተንድድ አፕግሬድስ ራሱ ይጭነዋል። አንደኛው ላይ አፕት ካቸር ኤንጂ (የወረደውን ፓኬጅ አስቀምጦ የሚያካፍል ካሽ) ጫንና ሌላኛውን ወደሱ ፖርት 3142 አዙረው፣ አንዴ የወረደ ፓኬጅ ሁለተኛ ከውጭ አይመጣም። ጥቅልህን የሚበላው ስናፕ (የኡቡንቱ ሌላኛው የፕሮግራም መጫኛ) ነው፣ በቀን 4 ጊዜ አዲስ አለ ወይ እያለ ያያል፣ ከ22.04 ወዲህ ፋየርፎክስም በስናፕ ነው የሚመጣው፣ እና በዛ ካሽ በኩል አያልፍም። ስናፕ ሪፍሬሽ በሚለው ትእዛዝ ላይ ሆልድ (አቆየው ማለት ነው) ጨምርበትና ሌሊት ስትፈልግ በእጅህ ልቀቀው።

ጀማሪ_አድሚን፦
ተባረኩ። ዛሬ 10ሩም ላይ ዝርዝሩን ብቻ አየሁት፣ ምንም ሳልነካ። ብዙዎቹ ላይ 8፣ 9 ነገር ነው የወጣው፣ አንዱ ላይ ግን 31! የማን እንደሆነ ገምቱ... የአለቃዬ። ዊንራሩም እዛው ነው፣ ክራክ የተደረገ (ሳይገዛ ፈቃዱ የተሰበረ)፣ እንዴት ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ ነው