ንጋትን ለማንሳት ጊዜ ከየት ላምጣ?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ጨንቆኛል፣ እስቲ አማክሩኝ።

የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። እንጦጦ ከቤቴ በላይ ነው። የንጋት መልክዓ ምድር ፎቶ ማንሳት እወዳለሁ፣ ጊዜው ግን አልገኝ አለኝ። በመስከረም ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ለስላሳው ብርሃን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ ይጀምራል፤ ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ከቤት መውጣት አለብኝ። ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። 2 ሰዓት ተኩል ሥራ እገባለሁ። ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ሌሊት ተረኛ ናት።

ባለፈው እሑድ እንደምንም ወጣሁ። ጭጋጉ በባሕር ዛፉ መሃል እየተሳበ ወደ ከተማው ይወርዳል። አደይ አበባው ላይ ጤዛው ገና አልረገፈም። ትራይፖዱን (የካሜራ ማቆሚያውን) ዘርግቼ እግሩን ሳስተካክል ፀሐይዋ ወጣች። ጭጋጉም ወዲያው ሳሳ። አንድም የረባ ፎቶ ሳልይዝ ተመለስኩ፣ በጣም ከፋኝ።

ልጅና ሥራ ያላችሁ ፎቶ አንሺዎች፣ እናንተ እንዴት ነው የምታደርጉት? በሥራ ቀን መሞከሩ ያዋጣል ወይስ እሑድን ብቻ ልያዝ? ማታ ምን ምን አዘጋጅታችሁ ታድራላችሁ? ደግሞ በጨለማ ብቻዬን መውጣቱ ያሰጋኛል፣ ጅብም አለ። በዚያ በኩል አብሮኝ የሚወጣ ካለ ደስ ይለኛል። አደዩ ሳይረግፍ ብትመልሱልኝ።