ለጅማ ፓርክ የሚሰጠው ማበረታቻ፦ የግብር እፎይታ ይሻላል ወይስ ወጪ መቀነስ?

አወያይ
የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ61 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ75 ሄክታር ላይ ተሠርቶ በ2011 ዓ.ም. ተመረቀ። አሁን ደግሞ የልዩ የኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 አለ፤ ፓርኮችን ወደ ዞን የማሸጋገር መንገድም ተከፍቷል። የሚያከራክረን ጥያቄ ይህ ነው። መንግሥት ጅማ ለሚገባ ባለሀብት የሚተወውን ገንዘብ በገቢ ግብር እፎይታ (ለተወሰኑ ዓመታት ግብር አለመክፈል) መልክ ይተው፣ ወይስ የባለሀብቱን ወጪ በቀጥታ በሚያቀልሉ ነገሮች ላይ ያውለው? በስሜት ሳይሆን በቁጥር እንነጋገር።

የሒሳብ ባለሙያ
እፎይታው ዋናው ማበረታቻ መሆኑን እቃወማለሁ። የገቢ ግብር የሚከፈለው ከትርፍ ነው፤ ያላተረፈ ድርጅት ከእፎይታው የሚያገኘው ሳንቲም የለም። እፎይታው ደግሞ መቆጠር የሚጀምረው ምርት ከተጀመረበት ቀን ነው። ሠራተኛ የሚሠለጥንበት፣ ማሽን የሚስተካከልበት፣ ገዢ የሚፈለግበት የኪሳራ ጊዜ ሁሉ ከእፎይታው ላይ ይቆረጣል። ለብዙዎቹ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። በዓመት 200 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ድርጅት 5 ከመቶ ቢያተርፍ ትርፉ 10 ሚሊዮን ነው። በ30 ከመቶ ግብር እፎይታው የሚያድንለት 3 ሚሊዮን፣ ማለትም ከሽያጩ 1.5 ከመቶ ብቻ ነው። መጓጓዣ፣ ነዳጅና የባንክ ወለድ ይህን በአንድ ሩብ ዓመት ሊበሉት ይችላሉ። 30 ከመቶ የሚያተርፈው ግን 18 ሚሊዮን ይቆጥባል፤ እሱ ያለ እፎይታውም ይመጣ ነበር። ስለዚህ እፎይታ የሚያግዘው እርዳታ የማያስፈልገውን ነው።

የኢንቨስትመንት አማካሪ
ስሌቱ ትክክል ነው፣ ግን ጅማን ብቻዋን አስቀምጦ ነው የሚያሰላው። ባለሀብት የሚያወዳድረው ሐዋሳን፣ ቦሌ ለሚንና ድሬዳዋን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው። በ2005ቱ የማበረታቻ ደንብና በማሻሻያው ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ ውጪ ባለ ፓርክ ገብቶ 80 ከመቶና ከዚያ በላይ ምርቱን ወደ ውጭ የሚልክ፣ ከመደበኛው እፎይታ በላይ 4 ዓመት ይጨመርለት ነበር። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላለው ጭማሪው 2 ዓመት ነበር። ለርቀት ከተሰጠው ካሳ አንዷ ይህቺ የ2 ዓመት ልዩነት ነበረች፤ እሷንም እናንሳ ካልን ጅማን ማን ይመርጣታል?

ሌላም አለ። በዚያው ደንብ እፎይታው ካለቀ በኋላ ለ3 ተከታታይ ዓመታት የ30 ከመቶ የግብር ቅናሽ ከተፈቀደላቸው አካባቢዎች መካከል ከፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ማጂና ዳውሮ ነበሩበት። ከኦሮሚያ የተካተቱት ቦረናና ጉጂ ናቸው። ጅማ አልነበረችም። ድንበር ተሻግሮ ከፋ ውስጥ ቦንጋ ላይ የተሠራ ፋብሪካ ቅናሹን ያገኝ ነበር፣ ጅማ ውስጥ ሸቤ ላይ የተሠራው አያገኝም ነበር። ጭነታቸው አዲስ አበባ የሚደርሰው ግን በአንድ መንገድ ነው። ይህ መስተካከል ያለበት ጉዳይ ነው እላለሁ።

የሒሳብ ባለሙያ
ስለ ከፋ ያነሳኸው ልክ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ኪሳራን ማሸጋገርም አለ፦ በእፎይታው ጊዜ የከሰረ ድርጅት ኪሳራውን ለእፎይታው ዘመን ግማሽ ያህል ወደ ፊት እንዲያሸጋግር ደንቡ ይፈቅድ ነበር። እሱ ያግዛል። ከሁሉ በላይ የሚያግዘው ግን የካፒታል ዕቃ (ማሽንና የመሳሰለው) ከቀረጥ ነፃ መግባቱ ነው፤ አተረፈም ከሰረም ከመጀመሪያው ቀን ያገኘዋል። ልዩነቱን ያዙልኝ፦ አንዱ ትርፍን ይሸልማል፣ ሌላው ወጪን ይቀንሳል።

ትራንዚተር
ስለ ወጪ ከተነሳ መንገዱን እንመልከተው። ባቡሩ ከሰበታ ተነስቶ በሞጆና አዳማ ነው ወደ ጅቡቲ የሚወርደው፤ ወደ እኛ አይመጣም። ከሞጆ ጅማ 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወሊሶን፣ ወልቂጤን አልፎ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት በጭነት መኪና ማለፍ ግድ ነው። ጨርቅ አስገብቶ ልብስ የሚያስወጣ ፋብሪካ ይህን መንገድ ሁለቴ ይከፍላል። ቡና፣ ማርና ቅመም የሚያቀነባብር ግን ጥሬ ዕቃው ከጅማ ወረዳዎች፣ ከማና፣ ከጎማና ከሊሙ ስለሚመጣ አንዴ ብቻ ይከፍላል። አሜሪካ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ ካስወጣች ወዲህ ደግሞ የልብሱ ሒሳብ ይበልጥ ጠቧል።

ብዙ ሰው የማያየው ባዶውን ኮንቴነር ነው። ጥሬ ዕቃ ይዞ የገባ ኮንቴነር ከተራገፈ በኋላ ባዶውን ይመለሳል፤ የመመለሻው ኪራይ የሚወድቀው በአስመጪው ላይ ነው። ቢዘገይ ደግሞ የመርከብ ድርጅቱ በየቀኑ ያስከፍላል። በአንጻሩ የጅማ ቡና በጆንያ ተጭኖ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ እዚያ ይበጠራል፣ እዚያ ኮንቴነር ይገባል። ማበጠሪያው ዞኑ ውስጥ ቢሆን ያው ባዶ ኮንቴነር እዚሁ ይሞላል፦ ባለ 20 ጫማው 320 ጆንያ ባለ 60 ኪሎ፣ ማለትም 19.2 ቶን ይይዛል።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ኬሚካል ወይም ቆዳ የነካው ኮንቴነር ቡና አይጫንበትም፤ ሽታውን ይስባል። በሩ ተዘግቶ ከውስጥ ብርሃን የሚያሳይ ቀዳዳ ካለው ውድቅ ነው። ግድግዳው በክራፍት ወረቀት ይለበጣል፣ እርጥበት መጣጭ ከረጢት ይሰቀላል። የቡናው እርጥበት ከ12 ከመቶ ካለፈ ደግሞ ጭራሽ አይጫን፤ ከጅማ ወይና ደጋ ወርዶ ጅቡቲ ሙቀት ሲገባ የኮንቴነሩ ጣሪያ ያልበዋል፣ የላይኛው ጆንያ ይሻግታል።

ቡና ላኪ
እህቴ የኮንቴነሩን ነገር አሳምረሽ ነው ያስረዳሽው። ከሱ በላይ ላኪን የሚስበው ግን የውጭ ምንዛሪው ነው። ከሐምሌ 2016ቱ የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ወዲህ መደበኛ ላኪ ካገኘው ምንዛሪ 50 ከመቶውን ነው የሚያስቀረው፤ ልዩ የኢኮኖሚ ዞን ውስጥ ያለ ድርጅት ግን ሙሉውን እንዲያስቀር ተፈቅዷል። ለእኔ ከ10 ዓመት እፎይታ ይህ ይበልጣል። ማሽን፣ መለዋወጫና ማሸጊያ ባንክ ደጅ ሳልጠና እገዛለሁ።

የሒሳብ ባለሙያ
እዚህ ላይ ነው የማልስማማው፣ ኦቦ። ጥሬ ቡና ዞን ገባም አልገባም ወደ ውጭ መሄዱ አይቀርም። አበጥሮ መላክ ብቻ 100 ከመቶ ምንዛሪ የሚያስገኝ ከሆነ ላኪው ሁሉ ዞን ገብቶ መጋዘን ይከራያል፤ አንድ አዲስ ዶላር ሳይጨመር ለባንኮች ይገባ የነበረው ግማሽ ይጠፋል። ልዩ ጥቅሙ ቆልቶ ለሚልክ ብቻ ይሁን።

ቡና ላኪ
ቆልቶ መላክ በአፍ ቀላል ነው። አውሮፓ ለኢትዮጵያ የተቆላ ቡና ቀረጥ አያስከፍልም፤ ስለዚህ እንቅፋቱ ቀረጥ አይደለም። አንደኛ፣ ቡና ሲቆላ ከ15 እስከ 20 ከመቶ ክብደቱን ያጣል፣ መጠኑ ግን ያብጣል፤ ስለዚህ አንድ ኮንቴነር የሚይዘው ኪሎ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ ጥሬ ቡና በአግባቡ ከተያዘ ወራት ይቆያል፤ የተቆላው ግን አየር የሚያስወጣ እንጂ የማያስገባ ቫልቭ ያለው ከረጢት ውስጥ ሆኖም ጣዕሙ በየሳምንቱ ይወርዳል። በጭነት መኪናና በመርከብ ሳምንታት የፈጀ ቡና እዚያው ተቆልቶ በማግሥቱ ከሚሸጠው ጋር እኩል አይወዳደርም። ሦስተኛ፣ ትልቅ ገዢ የሚፈልገው ከሌላ አገር ቡና ጋር የሚቀይጠው ጥሬ ቡና ነው። ለተቆላ ቡና የሚያዋጣው ቅርብ ገበያ ነው፦ መካከለኛው ምሥራቅ፣ ጎረቤት አገርና የአየር ጭነት የሚሸከም ውድ ደረጃ። ሕጉ "ቁላ ወይም ውጣ" ካለን ባዶ ሼድ ነው የሚተርፈን።

መካከለኛ መንገድ ይኑር። ማበጠር፣ በቀለም መለየት፣ የእያንዳንዱን ገበሬ ማሳ መገኛ መዝግቦ በጆንያ ደረጃ መለየት እሴት መጨመር ነው። የአውሮፓ የደን ሕግ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያውን የሚያሳይ ካርታ፣ ከዚያ በታች ለሆነ አንድ የመገኛ ነጥብ ይጠይቃል። ይህን ከአጋሮና ከጌራ ገበሬ ጋር መሥራት የሚቻለው እዚህ ተቀምጦ ነው።

የኤሌክትሪክ መሐንዲስ
ስለ መቁላት ካወራን መብራቱን አንርሳ። "ግልገል ጊቤ አጠገባችን እያለ" የሚባለው አያስኬድም። የ184 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ጅማ ዞን ውስጥ መኖሩ የማሠራጫ መስመሩን አያጠነክርም። የፋብሪካ ችግር ብዙ ጊዜ ከማመንጫ ሳይሆን ከማከፋፈያ ጣቢያ እስከ በሩ ባለው መስመር ነው። ክረምት ላይ መብረቅና የዛፍ ቅርንጫፍ መስመሩን ለሰከንድ ሲያቋርጡት የቤት አምፖል ብልጭ ብሎ ይመለሳል፤ የፋብሪካ ኮንታክተር (ኃይሉን ከሞተሩ የሚያገናኘው ማብሪያ) ግን ይለቃል፣ ማሽኑ ሁሉ ይቆማል። ጄኔሬተር ለዚህ መድኃኒት አይደለም፣ ለመነሳት ሰከንዶች ይፈልጋል።

የቡና መቁያ ላይ ደግሞ አደጋ ነው። 60 ኪሎ ቡና በጋለ ከበሮ ውስጥ እያለ ከበሮው ቢቆም ነዳጁ ተዘግቶም እንኳ የብረቱ ሙቀት ቡናውን ማቃጠል ይቀጥላል። ማቀዝቀዣ ማራገቢያውም ስለቆመ አውጥቶ ማዳን አይቻልም፤ እሳት ሊነሳም ይችላል። ከበሮውንና ማራገቢያውን ብቻ የሚይዝ ባትሪ ያለው መጠባበቂያ የግድ ነው። ስለዚህ ማንም ሼድ ከመከራየቱ በፊት ያለፉትን 12 ወራት የመቋረጥ መዝገብ ይጠይቅ፤ የሰዓቱን ድምር ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ እንደተቋረጠ። ለኢኮኖሚ ዞኑ ከሁለት የተለያዩ ማከፋፈያ ጣቢያዎች የሚመጣ መስመር መዘርጋት ጥቅሙ ለሁሉም ተከራይ ነው።

የኢንቨስትመንት አማካሪ
መብራቱ ላይ ተሸንፌያለሁ፤ ግን ማን ይከፍላል? እፎይታ ከበጀት የሚወጣ ወጪ ሆኖ ስለማይመዘገብ ለመስጠት ቀላል ነው። መስመር መዘርጋት ግን ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ሠራተኛውንም አትርሱ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የእሸት ቡና ለቀማው ሲደርስ የቀን ክፍያው ይወጣል፣ ፋብሪካው ሰው ያጣል። ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ብዙ ባለሀብት ርካሽ ጉልበት ብሎ አስልቶ ይመጣና እዚህ ጋ ይሰናከላል።

የሒሳብ ባለሙያ
እንዲህ ቢሆንስ? እፎይታው ለአዲስ ገቢዎች በግማሽ ይጠር። በምትኩ በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት የሼድ ኪራይ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ምርት ሲጨምር ይጨምር። በውሉ ላይ የወጪ ንግድ መጠንና የሠራተኛ ቁጥር በየዓመቱ ይጻፍ፤ ሼዱን በ6 ወር ውስጥ ማሽን ያልተከለበት ያስረክብ። ለአገር ውስጥ ባለሀብትም ከ11 ሺህ ካሬ ሼድ ይልቅ 500 እና 1,000 ካሬ ተከፋፍሎ ይሰጠው፤ አጋሮ ያለ ማበጠሪያ ባለቤት ሙሉ ሼድ ተከራይቶ አይችለውም።

ቡና ላኪ
የሼዱን መከፋፈል እደግፋለሁ። ግን ሼዱ የተከራየ እንጂ የኔ ስላልሆነ ባንክ በማስያዣነት አይቀበለኝም። የሥራ ማስኬጃ ብድሩን እሸት ሳይደርስ፣ መስከረም ላይ ማነው በኪራይ ውልና በማሽን ዋስትና የሚሰጠኝ? ይህን የሚመልስ ካለ ይጻፍልን።