«አስረክባችሁ እረፉ» ማለት ምን ማለት ነው?

ያልተኛች
ትናንት ማታ ስለ ልጆች የአእምሮ ህክምና አንድ ፕሮግራም እየሰማሁ ነበር። ልጃቸውን ማዕከል አስገብተው ሊያሳክሙ ለተዘጋጁ ወላጆች ባለሙያው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልጁን አስረክባችሁ እረፉ። እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ባትመጡ ይመረጣል።» አስረክባችሁ! ዕቃ ነው እንዴ? ደረሰኝስ ይሰጣል? የ12 ዓመት ልጄን አስገብቼ አውቃለሁ። ያረፍኩበት ሌሊት ግን አልነበረም። የሰውዬው ደጋፊ ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

የማታ ፈረቃ
መጣሁ። ደጋፊ ነኝ፣ በግማሽ። ልጆች ተኝተው በሚታከሙበት ክፍል ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። እዚያ የሚመጡት እናቶች እኮ ለወራት እንቅልፍ ያላዩ ናቸው። ቢላዋ ቆልፈው፣ መድኃኒት ደብቀው፣ የልጃቸው በር ላይ ፍራሽ አንጥፈው የሚያድሩ። «አሁን ሂጂና ተኚ» ሲባሉ ቆመው ያለቅሳሉ። ሰውዬው ቃል አልመረጠም እንበል። ነገሩ ግን ከመሬት አልተነሳም።

ያልተኛች
ሲስተር፣ «እረፉ» ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ «አስረክባችሁ» ላይ ነው።

ቀጥ በል
አንድ ቃል ላይ ተንጠልጥላችሁ ልትውሉ ነው? ራሱን ሊጎዳ ሞክሮ የገባ ልጅ ቢሆንስ? ባለሙያ ባለሙያ ነው። ልብ ሲቀደድ ሐኪሙን ቢላ አያያዝ ታስተምሩታላችሁ?

ያልተኛች
የልብ ሐኪም «ሁለት ሳምንት ዓይንሽን እንዳላይ» አይለኝም።

ጥያቄ አለኝ
ይቅርታ በመሃል ገባሁ። የእህቴ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት ሊገባ ነው፣ 14 ዓመቱ ነው። ክርክሩን ቀጥሉ፣ ግን የመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚመስል የሚነግረን ይኖራል?

የማታ ፈረቃ
ዕቃው ሁሉ ይፈተሻል። የጫማ ክር፣ ቀበቶ፣ የሹራብ ገመድ፣ ቻርጀር ይወሰዳል። አትደንግጡ፣ የሁሉም ልጅ ይወሰዳል። ብዙ ቦታ ማታ በየ15 ደቂቃው ብቅ ብሎ የሚያይ ሰው አለ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አብዛኛው ልጅ ጨዋ ነው። እናት «ድኗል እኮ፣ ልውሰደው» ትላለች። ከዚያ እውነተኛው ነገር ይወጣል። ይጮኻል፣ ይሳደባል፣ እየደወለ «አውጡኝ» ይላል። ሁልጊዜ ባሰበት ማለት አይደለም። ግን ደግሞ «ያስመስላል» ብላችሁ አትለፉት፣ ምን እንደተፈጠረ ጠይቁ። ሌላው፣ አደጋ ላይ ያለን ልጅ ለቀናት የሚያስተኛው የሆስፒታል ክፍልና ለወራት የሚቆይበት ማዕከል አንድ አይደሉም። እህትሽ የትኛው እንደሆነ ታጣራ።

ያልተኛች
የጫማ ክሩን ስታነሺው ሆዴ ባባ። በፌስታል አድርገው፣ ስሙን ጽፈው ሰጡኝ። ልጄ ጫማው እየወለቀበት እግሩን እየጎተተ በኮሪደሩ ሄደ። ዞር ብሎም አላየኝ። ፌስታሉን ይዤ መኪና ውስጥ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ለካ ደረሰኝ ይሰጣል።

ብዕረኛው
«ባለሙያ ባለሙያ ነው» ላለው ወንድማችን። በፈረንጆቹ 2024 የአሜሪካ ሴኔት የፋይናንስ ኮሚቴ ልጆችን አስተኝተው የሚያክሙ አራት ትልልቅ ኩባንያዎችን መርምሮ ሪፖርት አወጣ። ልጅ ማሰር፣ ብቻውን መዝጋት፣ ጥቃት፣ የሠራተኛ እጥረት፣ ሁሉም አለበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ የሂልተን ሆቴል ቤተሰብ የሆነችው ታዋቂዋ ፓሪስ ሂልተን ለዓመታት የታገለችለት፣ እንዲህ ያሉ ማዕከሎችን የሚመለከት ሕግ ወጣ፣ እሷም በልጅነቷ እንዲህ ያለ ቦታ ገብታ ስለነበር። የእነዚያ ልጆች ወላጆችም ባለሙያ አምነው ነበር።

ቀጥ በል
ፓሪስ ሂልተን! በቃ፣ ተሸነፍኩ። የሀብታም ልጅ ስላለቀሰች ማዕከሉ ሁሉ ይዘጋ።

ብዕረኛው
ይዘጋ ያለው ማነው? ሕጉ ራሱ በዋናነት የሚያዘው ጥናት እንዲጠና ነው። ከፈለግክ ሌላ ልጨምርልህ። በፈረንጆቹ 1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 25። ለህክምና ተቋም እንዲገባ የተደረገ ልጅ አያያዙ በየጊዜው ሊገመገምለት ይገባል ይላል። «አስረክቦ» የሄደ ወላጅ በየትኛው ዓይኑ ነው የሚያየው?

ቀጥ በል
አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብበው እንጂ። የሚያወራው ሥልጣን ያለው አካል ስላስገባው ልጅ ነው። እናቱ ራሷ ስላስገባችው አይደለም።

ብዕረኛው
እናቱ ያስገባችው ልጅ እንግዲህ ሳይገመገም ይክረም! አቤት ጠበቃ።

አባት ነኝ
ሁለታችሁም ሕጉን ትታችሁ ስሙኝ። ልጄን «ይዘውት» እንደነበር የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በስልክ። «ትንሽ ተረብሾ ነበር፣ አሁን ደህና ነው።» ስሄድ ክንዱ ላይ የጣት ምልክት አለ። ማን ያዘው፣ ለስንት ደቂቃ፣ ምን ስላደረገ ነው ብዬ ብጠይቅ ፋይል አላሳይህም ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብዬ የፈረምኩት ወረቀት የለም።

የማታ ፈረቃ
ወንድሜ፣ በዚያው ቀን ሊነግሩህ ይገባ ነበር። እኔም ልጅ ይዤ አውቃለሁ፣ አልዋሽም። ተነክሻለሁ፣ ጠባሳው እጄ ላይ አለ። መያዝ የመጨረሻው አማራጭ ነው፣ ቅጣት አይደለም። በሆዱ አስተኝቶ ከላይ መጫን ደግሞ ትንፋሽ ይዘጋል፣ ሰው ሞቶበታል። ሳታስገቡ በፊት ጠይቁ፦ እንዴት ነው የምትይዙት? በስንት ሰዓት ውስጥ ነው የምትነግሩኝ? ጥያቄው ካስቆጣቸው መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ቀጥ በል
ሲስተር፣ «ደጋፊ ነኝ» ብለሽ አልነበር የገባሽው?

የማታ ፈረቃ
በግማሽ ብያለሁ። አንተም አንቀጽ ብቻ ሳይሆን ኮሜንትም እስከ መጨረሻው አንብብ።

ያልተኛች
😂 ተመስገን።

እኔን የጎዳኝ ግን መግባቱ አይደለም፣ መውጣቱ ነው። አራት ወር ቆይቶ መጣ። ቤት የገባ ቀን ሳሎን መሃል ቆሞ «ሽንት ቤት መሄድ እችላለሁ?» አለኝ። በገዛ ቤቱ። ለሳምንት ማቀዝቀዣ ለመክፈት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። እዚያ በነጥብ ነው የኖረው፣ ነጥብ ሲሞላ ስልክ፣ ሲጎድል መኝታ። እኔ ነጥብ አልሰጥም። ምን ላድርገው? ማንም ምንም አላስተማረኝ፣ ምክንያቱም አስረክቤ አርፌ ነበራ!

ብዕረኛው
ይኸው ነው እኮ። አሜሪካ በፈረንጆቹ 2018 ባወጣችው ሕግ፣ መንግሥት ከወላጅ ወስዶ በአሳዳጊ የሚያስቀምጣቸውን ልጆች በፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ የህክምና ማዕከሎች ልጁ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለ6 ወር ቤተሰቡን መደገፍ አለባቸው።

ቀጥ በል
እህቴ፣ ልጅሽ ግን ራሱን መጉዳቱን ተወ?

ያልተኛች
ተወ።

ቀጥ በል
እንግዲህ።

ያልተኛች
«እንግዲህ» ምን? ማዕከሉ ሕይወቱን አተረፈልኝ፣ እሱን አልካድኩም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በየሳምንቱ የቤተሰብ ቴራፒ እንዲገባልን የለመንኩት ግን እኔ ነኝ። ሁለቱም እውነት መሆን አይችልም?

አባት ነኝ
የእኔ ልጅ አልተወም። እሱም ይጻፍ።

ጥያቄ አለኝ
እሺ፣ ለእህቴ ምን ልበላት? ትውሰደው ወይስ ትተወው?

ቀጥ በል
ትውሰደው።

አባት ነኝ
መጀመሪያ ሄዳ ትየው። መኝታውንም፣ ሽንት ቤቱንም፣ ልጅ ለብቻ የሚዘጉበት ክፍል ካለ እሱንም። አናሳይም ካሉ ትመለስ።

የማታ ፈረቃ
ስትሄድ ስለ መውጫው ቀን በመጀመሪያው ቀን ትጠይቅ። ለአዳር ቤት ሲመጣ ችግር ቢፈጠር ለማን ይደወላል? መድኃኒት ሲጀመርም ሲቀየርም ይነግሯታል? ደግሞ ክር የሌለው ጫማ ትግዛለት፣ ቬልክሮ ያለው፣ ተለጣፊውን።

ቀጥ በል
አሁን ደግሞ ጫማ ላይ ልንከራከር ነው።

ጥያቄ አለኝ
ሲስተር፣ ቁጥሩ 43 ነው። ቬልክሮ በዚህ ቁጥር ይሠራል?