ዕድሜዬ 66 ነው፤ ጊታር ላይ ቀላል ኮርዶችን ሳያመኝ እንዴት ልያዝ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣ መምህር፣ ጅማ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ ጊታር የተማርኩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ዘመን፣ በአንድ የቀበሌ የኪነት ቡድን ውስጥ ነው። በመምህርነት በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ ጊታሩን አልተውኩትም፤ ነገር ግን ችሎታዬ ሲ፣ ጂ፣ ዲ፣ ኤ ማይነር፣ ኢ ማይነርና ኤፍ ከሚባሉት መደበኛ ኮርዶች (አንድ ላይ ከሚመቱ የድምፅ ስብስቦች) ብዙም አይርቅም። ለእኔ ይህ በቂ ነበር። አሁን እሑድ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ትዘፍናለች፣ እኔ አጅባታለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ የምጠብቀው ያንን ሰዓት ነው።

ችግሩ የጀመረው ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። ልጄ ከውጭ ሀገር ሲመጣ የብረት ክር ያለው ጊታር ይዞልኝ መጣ፤ የድሮው ባለ ናይለን ክር ጊታሬ ሁለት ክሮቹ ተበጥሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በአዲሱ ጊታር ሲ ኮርድን ስይዝ የቀለበት ጣቴ ክሩን አጥብቆ መጫን ስለሚያቅተው ድምፁ ይታፈናል፤ ጂን ስይዝ ትንሿ ጣቴ አትደርስም፤ ኤፍን ከነጭራሹ ትቼዋለሁ። ሩብ ሰዓት እንደተጫወትኩ የግራ አውራ ጣቴ ግርጌ፣ ከእጅ አንጓው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ይጠዘጥዘኛል። ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ ለአሥር ደቂቃ ያህል ግትር ብለው ይቆዩና ይፍታታሉ። አንድ ወዳጄ የጎማ ኳስ እየጨበጥክ ጣቶችህን አጠንክር ብሎኛል፤ ሌላው ደግሞ በዚህ ዕድሜ ጊታሩን መሸጥ ነው የሚሻለው አለኝ። መሸጥ አልፈልግም። ኮርዶቹን በሌላ መንገድ መያዝ ይቻል እንደሆነ፣ ጊታሩ ላይ የሚስተካከል ነገር ካለና ሕመሙን በተመለከተ መጠንቀቅ ያለብኝ ምን እንደሆነ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የጊታር አስተማሪ፣ ፈረንጅ አራዳ

ጋሼ፣ ጊታሩን እንዳይሸጡት። እርስዎ የተማሩት የኮርድ አያያዝ አብዛኞቹን ክሮች የሚያስጮኸውን ሙሉውን ቅርጽ ነው፤ ድምፃዊን ለማጀብ ግን ሦስት ወይም አራት ክር ይበቃል። አንደኛ ክር የምለው ቀጭኑን፣ ስድስተኛ የምለው ወፍራሙን ነው። ፍሬት የምለው ደግሞ በጊታሩ አንገት ላይ በተርታ የተተከሉትን ብረቶች ነው፤ የሚቆጠሩትም ከአንገቱ ጫፍ ጀምሮ ነው።

ሲን በሦስት ጣት አይያዙ። አመልካች ጣትዎን በሁለተኛው ክር አንደኛ ፍሬት ላይ፣ መሐል ጣትዎን በአራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ያድርጉና ከአራተኛው ክር ጀምረው ወደ ታች ይምቱ። የሚያስቸግርዎት የቀለበት ጣት ከሥራው ወጣ ማለት ነው። አሁን ጣቶችዎን ምንም ሳያንቀሳቅሱ፣ በቀኝ እጅዎ ብቻ ከአምስተኛው ክር ጀምረው ቢመቱ ኤ ማይነር ሰባት የሚባለውን ኮርድ ያገኛሉ፤ በአብዛኛው ዘፈን ውስጥ ኤ ማይነር በሚገባበት ሁሉ ይገባል። ከሲ ወደ ኤ ማይነር የሚደረገው ሽግግር ለእርስዎ የቀኝ አውራ ጣት ሥራ ብቻ ይሆናል።

ለጂ አንድ ጣት ብቻ ይበቃዎታል፦ በአንደኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ የቀለበት ጣት ወይም ትንሿ ጣት፤ አራተኛው፣ ሦስተኛውና ሁለተኛው ክር ሳይያዙ ይጮኻሉ። ወፍራሞቹን ሁለት ክሮች አይምቱ። ለኤፍ ደግሞ አመልካች ጣትዎ ለሲ ከተቀመጠበት ሳይነሣ፣ መሐል ጣትዎን በሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት፣ የቀለበት ጣትዎን በአራተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ያድርጉ፤ አንደኛውን ክር ክፍት ይተዉት። ይህ ኤፍ ሜጀር ሰባት ነው።

ብዙ ሰዎች ይህን ኮርድ የሰነፍ ኤፍ ነው ይሉታል፤ እኔ በፍጹም አልስማማም። ትዝታ ማይነርን ከኤ ስንጀምረው አምስቱ ድምፆች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ናቸው። ኤፍ ሜጀር ሰባት የተሠራባቸው አራት ድምፆች ደግሞ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲና ኢ በመሆናቸው አንዳቸውም ከቅኝቱ አይወጡም። እንዲያውም ክፍት የተተወችው የመጨረሻዋ ክር ለትዝታው የበለጠ ትስማማለች። የጊታሩ ስድስት ክሮች ሳይያዙ የሚሰጧቸው ድምፆችም ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂና ቢ ናቸው፤ እነዚህ አምስቱ ከጂ የሚነሣው ትዝታ ሜጀር ድምፆች ናቸው። ስለዚህ በጂ ትዝታ ሲጫወቱ የትኛውም ክፍት ክር ቢጮህ ከቅኝቱ ውጭ አይሆንብዎትም። ለደከመ ጣት ከዚህ የተሻለ ቅኝት አላውቅም።

ጣት ሲያስቀምጡ በሁለት ፍሬቶች መካከል ሳይሆን ከፍሬቱ ብረት ጠጋ አድርገው ያስቀምጡ፤ የሚያስፈልገው ጉልበት በግልጽ ይቀንሳል።

መልስ፦ የእንጨት ሠራተኛ፣ ሂርማታ

መምህር፣ እኔ በርጩማና ጠረጴዛ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ክራርና ጊታር እንድጠግን የሚያመጡልኝም ጥቂት አይደሉም። ከጣቶችዎ በፊት ጊታሩ ቢታይ ደስ ይለኛል። ችግሩ ከክረምት ወዲህ ጀመረ ማለትዎ ትኩረቴን ስቦታል። የጅማን ዝናብ እናውቀዋለን፤ ከደረቅ አገር የመጣ እንጨት እዚህ ሲደርስ እርጥበት ይጠጣል፣ የጊታሩ ፊት ያብጣል፣ ክሮቹ የታሰሩበት ብሪጅ ከፍ ይላል፣ ክሮቹም አብረው ከአንገቱ ይርቃሉ። ሰውየው ጣቱ የደከመ ይመስለዋል፤ ጣቱ ግን ከድሮው የበለጠ ርቀት እየተጫነ ነው።

በማስመሪያ ይለኩት። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ፣ ከፍሬቱ ጫፍ እስከ ስድስተኛው ክር ሥር ያለው ክፍተት ለብረት ክር ጊታር 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ በአንደኛው ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን መልካም ነው። የናይለን ክር ከዚህ ከፍ ይላል፤ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው። ቀጥሎ ነት የሚባለውን፣ ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበትን ጥርሳም ቁራጭ ይፈትሹ፦ ክሩን በሁለተኛውና በሦስተኛው ፍሬት መካከል ተጭነው አንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። የወረቀት ውፍረት ያህል ብቻ መታየት አለበት። ሰፋ ብሎ ከታየ፣ በአንደኛው ፍሬት የሚያዙት ኮርዶች ሁሉ ያለ ምክንያት ይከብዳሉ፤ መደበኛ ኮርዶች ደግሞ የሚያዙት እዚያው ነው።

ክሮቹ ከፍ ካሉ፣ ብሪጁ ላይ ያለው ሳድል የሚባል ነጭ ቁራጭ ከሥሩ ይሞረዳል። በአሥራ ሁለተኛው ፍሬት 0.5 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 1 ሚሊ ሜትር ይነሣል። የተነሣው ስለማይመለስ በጥቂት በጥቂቱ ይሠራ፤ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ግን የማያውቅ ሰው ባይነካው ይሻላል።

ስለ ክሩም ልናገር። በብዙ አዲስ ጊታር ላይ የሚመጣው 12 ቁጥር የሚባለው፣ ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሆነ ስብስብ ሲሆን፣ ስድስቱ ክሮች በአንድነት 70 ኪሎ ገደማ ጉልበት ይስባሉ። 10 ቁጥር ቢያስገቡበት ከ60 ኪሎ በታች ይሆናል። የናይለን ክር 40 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው የሚስበው። በእኔ አስተያየት ግድግዳ ላይ የሰቀሉት ጊታር ሁለት ክር ብቻ ነው የጎደለው፤ መጀመሪያ እርሱን ያውርዱት። አደራ፣ በእርሱ ላይ የብረት ክር እንዳያስሩበት፤ ብሪጁን ይነቅለዋል።

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት፣ ጅማ

አባባ፣ እጅዎን ሳላይ ሕመሙ ይህ ነው ማለት አልችልም፤ ሆኖም የሚጠነቀቁበትን ልንገርዎ። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የመገጣጠሚያ መሳሳት የአውራ ጣትን ግርጌ አዘውትሮ ያጠቃል፤ የጠዋቱ መገተርም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። መገተሩ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ የሁለቱም እጆች መገጣጠሚያዎች ካበጡና ከሞቁ፣ ሌላ ዓይነት ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ይመርመሩ። አውራ ጣት፣ አመልካችና መሐል ጣት ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎ ከሆነ በእጅ አንጓው ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ይሆናል። ጣት ታጥፎ አልዘረጋ ካለና ቀጭ ብሎ የሚፈታ ከሆነ ደግሞ ጅማቱ ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለእነዚህ ለሁለቱ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከልም ሆነ በሚቀርብዎ ጤና ተቋም ሊታዩ ይችላሉ።

የጎማ ኳሱን እባክዎ ይተዉት። የሚያምዎት የአውራ ጣት ግርጌ ከሆነ፣ አጥብቆ መጨበጥ ያንኑ መገጣጠሚያ የበለጠ ይጭነዋል። ከመጫወትዎ በፊት እጅዎን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ያቆዩ፤ አሥር ደቂቃ ተጫውተው አምስት ደቂቃ ይረፉ፤ ሕመም ሲጀምር ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ያቁሙ።

አንድ ሙከራ ደግሞ ያድርጉ። ኮርድ ይዘው ሳሉ አውራ ጣትዎን ከአንገቱ ጀርባ ቀስ ብለው ያንሡትና በክንድዎ ክብደት ብቻ ክሮቹን ወደ ኋላ ይሳቧቸው። ኮርዱ ከጠበቁት በላይ ይጮኻል። አውራ ጣትዎ በከንቱ ሲያባክን የነበረው ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባዎታል። አቀማመጥም ወሳኝ ነው፦ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጊታሩን በቀኝ ጭንዎ ላይ ካጋደሙት የግራ አንጓዎ ይታጠፋል። ወንበር ላይ ይቀመጡና በርጩማዋን በግራ እግርዎ ሥር ያድርጓት፤ ጊታሩን በግራ ጭንዎ ላይ አሳርፈው አንገቱን ወደ ላይ ቀና ያድርጉት፤ አንጓዎ ቀጥ ይላል።

መልስ፦ የመዘምራን አጃቢ፣ 61 ዓመቴ፣ ቆጪ

ወንድሜ፣ የቀለበት ጣቴ እየታሰረብኝ ለሁለት ዓመት ተቸግሬ ስለነበር ጥያቄዎ የእኔም ጥያቄ ነበር። አስተማሪው ባሉት ላይ የምጨምረው አለኝ። ስለ ዲ አልተናገሩም። ዲን በሁለት ጣት፣ በሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬትና በሁለተኛው ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ብቻ ይዞ አንደኛውን ክር ክፍት መተው ይቻላል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ነገር ግን ያ ኮርድ ሜጀርም ማይነርም አይደለም። በዜማው መካከል ያምራል፤ ዜማው በዲ የሚያልቅ ከሆነ ግን ድምፃዊዋ ያላለቀ ይመስላታል። ስለዚህ ለመጨረሻው ምት ሦስተኛዋን ጣት ይጨምሩባት።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠ የረዳኝ ቅኝቱን ማውረድ ነው። ስድስቱንም ክሮች በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጌ እቃኛለሁ፤ የክሮቹ ውጥረት በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀንሳል፣ ጣት ላይ ያለው ልዩነትም ወዲያው ይታወቃል። ለመዘምራኑ የድሮው ድምፅ ካስፈለገ በሁለተኛው ፍሬት ላይ ካፖ፣ ማለትም ስድስቱንም ክሮች በአንድነት የሚጫን ማሰሪያ፣ አስራለሁ። ካፖ የሰነፍ መሣሪያ ነው የሚሉ አሉ፤ ጥቅሙን ግን በማስመሪያ ለክቼዋለሁ። በእኔ ጊታር የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፍሬቶች ስፋት 103 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካፖ በሁለተኛው ላይ ሲታሰር ግን ጣቶቼ የሚዘረጉበት ስፋት 92 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ላጠረች ጣት አንድ ሳንቲ ሜትር ትልቅ ነገር ነው። ከፍ ያለ ነትም ቢሆን ካፖው ካለ ችግር መሆኑ ይቀራል።

ጠያቂው፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአዲሱን ጊታር ክፍተት ስለካው 4 ሚሊ ሜትር ሆኖ አገኘሁት፤ ለካስ ስታገል የነበረው ከዚያ ጋር ኖሯል። ሳድሉ እንዲሞረድ ሰጥቼዋለሁ። እስከዚያው የድሮውን ጊታር አውርጄ ስድስቱንም የናይለን ክር ቀየርኩለት፤ በአንድ ሙሉ ድምፅ ዝቅ አድርጌም ቃኘሁት። የልጅ ልጄ ዝቅ ያለው ድምፅ ለእርሷም የሚመች መሆኑን ስትነግረኝ ካፖ መግዛቱን ተውኩት። ሲና ኤ ማይነር በአንድ አያያዝ መውጣታቸው እስካሁን ያስደንቀኛል። ባለፈው እሑድ አርባ ደቂቃ፣ እያረፍን፣ ተጫወትን፤ አውራ ጣቴ ትንሽ ተሰማኝ እንጂ አልጠዘጠዘኝም። ለምርመራም ቀጠሮ ይዣለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ከምትወዳቸው ዘፈኖች አንዱ ውስጥ ቢ ማይነር አለ፤ እርሱን አመልካች ጣቴን በሁሉም ክሮች ላይ አጋድሜ ከመያዝ ሌላ መንገድ አጥቻለሁ።

መልስ፦ የጊታር አስተማሪ፣ ፈረንጅ አራዳ

አለው ጋሼ። በሁለተኛው ፍሬት ላይ አምስተኛውን፣ ሦስተኛውንና አንደኛውን ክር ይያዙ፤ አራተኛውና ሁለተኛው ክፍት ይሁኑ፤ ስድስተኛውን አይምቱ። ቢ ማይነር ሰባት ነው። ሦስት ጣት ከከበደዎት አምስተኛውን ክር ይልቀቁና በሁለቱ ብቻ ከአራተኛው ክር ጀምረው ይምቱ፤ ወፍራሙ ድምፅ ቢቀርም ድምፃዊዋ የምትፈልገው ድምፅ አለበት።