ቡሬ ላይ መኪና እንገጣጥም? የጎጃም ልጆች ክርክር

አወያይ፦ ነዳጅ የሚጠጡ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠሚያ መክፈት የብዙ ባለሀብት ሕልም ሆኗል። ቡሬ ላይ አንድ ቢተከል ጎጃም ምን ታገኛለች?

የቡሬው ነጋዴ፦ ብዙ ነገር! የደቡብ ኮሪያው ሂዩንዳይ እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቁሞ በዓመቱ የፎርድን ኮርቲና መገጣጠም ያዘ። በ1975 ፖኒ የተባለችውን የራሱን መኪና አወጣ። እኛ ምን ያንሰናል?

ባለ ቶርኖው (ብረት ቀራጩ)፣ ደብረ ማርቆስ፦ የፖኒ ሞተር የሚትሱቢሺ፣ ንድፉ የጣሊያናዊው የጁጃሮ ነበር። ሂዩንዳይ የራሱን ሞተር ያወጣው በ1991 ነው። ደግሞ ፖኒ ከመሠራቱ በፊት የኮሪያው የፖሃንግ ብረት ፋብሪካ ሥራ ጀምሯል። እኔ ጋ ባለፈው ወር አንድ የአይሱዙ ሾፌር የባሌስትራ ብሎን ተሰብሮበት መጣ። ቀርጬ ሰጠሁት፤ ሳምንት ሳይሞላው ያው ብሎን ከአንገቱ ተቆርጦ ተመለሰ። ልኩ አልተሳሳተም። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ብረት ጥንካሬው አይታወቅም፤ ሌላ ብረት ደግሞ የለኝም።

ተማሪ፣ ባሕር ዳር፦ ጋሼ፣ ኮሪያዎች ብረት እስኪኖራቸው መቼ ጠበቁ? በ1955 ሺባል የተባለውን መኪና የሠሩት ከአሜሪካ ጦር ከተረፈ የጂፕ ዕቃና ከበርሜል በተቀጠቀጠ ላሜራ ነው። እርስዎም ቢሆኑ በአሮጌ ብረት ነው ሙያውን የያዙት።

ባለ ቶርኖው፦ ልጄ፣ እነሱ ቀጥቅጠዋል። የእኛው መገጣጠሚያ ሳጥን ከፍቶ ብሎን ያስራል። በወንዛችን ስም «ዓባይ» ተብላ ሞጆ ላይ የተገጣጠመችውን መኪና ታስታውሳለህ? አካሏ ከቻይና ነበር፤ ገጣጣሚው ኩባንያ ሆላንድ ካርም እ.ኤ.አ. በ2013 ከሰረ።

መምህርት፣ ፍኖተ ሰላም፦ ዋናው ነገር ውሉ ነው። ተበትኖ የሚገባ መኪና ቀረጡ ዝቅ ይላል፤ መንግሥት በምላሹ ምን ይጠይቃል? ብራዚል በ1956 ባወጣችው ዕቅድ፣ ኩባንያዎቹ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመኪናው ክብደት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን እዚያው እንዲሠሩ አስገደደች። ግዴታ የሌለበት የቀረጥ ቅናሽ ለአስመጪ የተሰጠ ስጦታ ነው።

የቡሬው ነጋዴ፦ እትዬ፣ ይህን ግዴታ የሰማ ባለሀብት ቡሬን ዞር ብሎ አያያትም። የብራዚልን ገበያ ከየት እናመጣለን?

ባለ ቶርኖው፦ ገበያውማ ደጃችን ላይ ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለው ባጃጅ ሁሉ የፍሬን ሸራ ይጨርሳል። ከዚያ እንጀምር።

የቡሬው ነጋዴ፦ ጋሼ፣ ለፍሬን ሸራ ሪባን የሚቆርጥ ባለሥልጣን ያምጡልኝና የመጀመሪያውን አክሲዮን እኔ እገዛለሁ።