ቢቲ ረጭቼ ያልሞተው የጎመን ትል

ጎመን ከመቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። አንድ ጥማድ ጥቅል ጎመን አለኝ። ያ ቅጠሉን ወንፊት የሚያደርገው፣ ሲነኩት በክር ተንጠልጥሎ የሚወርደው ትንሽ አረንጓዴ ትል ገባብኝ። በሰው ምክር ቢቲ የሚሉትን፣ ከባክቴሪያ የሚሠራ የተባይ መድኃኒት ማክሰኞ ረጨሁ። ዓርብ ስሄድ ግማሹ በሕይወት አለ! አሥሩን ከንጹሕ ቅጠል ጋር ጠርሙስ ውስጥ አስቀመጥኩ። ስድስቱ ሞቱ። አራቱ ድር ለብሰው ተኙና የእሳት እራት ሆነው ወጡ። ግን የጫጩ ናቸው፣ የአንዷም ክንፍ ተጨማዷል። መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው እንዴ? ሻጩ «ጠንከር ያለ ኬሚካል ምታበት» ይለኛል።

የአዳማው፦
እውነቱን ነው። የማይገድል መድኃኒት ምን መድኃኒት ነው? ምታበትና ተገላገል።

ጡረተኛው ሰብል ጠባቂ፦
ቆይ ልጄ፣ አትቸኩል። ፎርጅድ ቢሆን ስድስቱ ባልሞቱ። ቢቲ ስለነካው ሳይሆን ስለበላው ነው የሚገድለው። ትሉ ሲውጠው መርዙ አንጀቱ ውስጥ ሟሙቶ አንጀቱን ይበሳዋል። በሰዓታት ውስጥ መብላት ያቆማል፤ ለመሞት ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ትንሽ ብቻ የቀመሰው ሊተርፍ ይችላል። ቢተርፍም እንደ ጤነኛው አይሆንም፦ እድገቱ ይዘገያል፣ ሰውነቱ ያንሳል፣ ሴቷም የምትጥለው እንቁላል ይቀንሳል። ያንተ የጫጩት ይህን ይመስላሉ። (በተጨማደደው ክንፍ ግን አልምልም። ጠርሙስ ውስጥ መታፈንም እንዲያ ያደርጋል።)

ደስ አይበልህ ታዲያ። የተረፈው ይራባል፣ መቋቋሙንም ለልጆቹ ያወርሳል። ማሳ ላይ ቢቲን በመልመድ የመጀመሪያው ተባይ ይኸው የጎመን ትል ነው። ሃዋይ ውስጥ ደጋግመው በረጩበት ማሳ ታይቶ እ.ኤ.አ. በ1990 ተጽፏል።

አሁን አንተ ንገረኝ፦ ስንት ሰዓት ረጨህ? የቅጠሉ ጀርባስ ረጥቧል?

ጎመን ከመቂ፦
ጋሼ፣ እውነቱን ልናገር? ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ከላይ ከላይ ብቻ። መጠኑንም ቀንሻለሁ። ዋጋው አይቀመስማ!

ጡረተኛው ሰብል ጠባቂ፦
ይኸው! ፀሐይ ቢቲን ቶሎ ታበላሸዋለች። ትሉ ደግሞ የሚውለው ከቅጠሉ ሥር ነው። መጠኑንም ስትቀንስ አቁስለህ ለቀቅከው። ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ከሥር ወደ ላይ ርጭ። የጎመን ቅጠል ሰም ስላለው ውሃ ያንከባልላል፤ ለርጭት የሚሆን ማጣበቂያ ጨምርበት። ገና የተፈለፈለው ትል ቅጠሉ ውስጥ ሰርስሮ ስለሚገባ በአንድ ዙር አታገኘውም፤ በሳምንቱ አይተህ ድገም። ትልልቆቹም ቶሎ አይሞቱም፣ ትንንሽ ሳሉ ቅደማቸው። እስከዚያ ሬሳ አትቁጠር፤ አዲስ ቀዳዳ መኖሩን እይ። ጠንካራውን ኬሚካል ተወው፤ ትሉን የምትወጋልህን ትንሿን ተርብም ይጨርሳታል።

ጎመን ከመቂ፦
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጠርሙስ ውስጥ ያሉትን አራቱን ምን ላድርጋቸው?

ጡረተኛው ሰብል ጠባቂ፦
ዶሮ የለህም?