ለኪችን ካውንተር ነጭ እብነ በረድ ወይስ ግራናይት? ምከሩኝ

የሰሚቷ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት ያለውን የኮንዶሚኒየም ቤታችንን እያሳደስን ነው። ኪችኑ ትንሽ ነው። ካውንተሩ ጥግ ላይ ይታጠፋል፤ አንዱ ጎን 2 ሜትር ተኩል፣ ሌላው 1 ሜትር ተኩል ይሆናል። የድሮው ቴራዞ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ተነስቷል። አሁን ድንጋይ መምረጥ አለብኝ። ካቢኔት ሠሪው ቶሎ ወስኚ እያለ ነው።

ቅዳሜ ድንጋይ መሸጫዎችን ስዞር ዋልኩ። ልቤ ያረፈው ግራጫ ሥር ያለው ነጭ እብነ በረድ ላይ ነው። ከቤንሻንጉል፣ ከዳለቲ የመጣ ነው አሉኝ። ባለቤቴ ደግሞ ጥቁር ግራናይት ይሻላል ባይ ነው። ሻጩን ብጠይቀው «ሁለቱም ድንጋይ ነው፣ ልዩነቱ መልኩ ብቻ ነው» አለኝ። እውነት ነው? እኛ ቤት በየቀኑ ይበሰላል። እናቴ አብራን ነው የምትኖረው፤ ወጡም ድልሁም እዚያው ነው የሚሠራው። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት
እህቴ፣ እኔ ነጩን እብነ በረድ ካስገባሁ 3 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ላይ እንዴት ያምር ነበር! ከዚያ ፋሲካ ደረሰ። ዶሮውን በሎሚና በጨው እያሸን ስናጥብ ውሃው ካውንተሩ ላይ ፈሰሰ። በሥራ ብዛት ወዲያው አልጠረግነውም። ማታ ሳጸዳ እድፍ መስሎኝ ፈገፈግኩት። አልለቅ አለኝ። ለካ እድፍ አይደለም፣ ሎሚው ድንጋዩን በልቶታል። ከጎን በብርሃን ስታይው ፈዘዝ ያለ ምልክት አለው። የብርጭቆ ቂጥ ሳይቀር ክብ ሠርቶ ቀርቷል። ድንጋዩን አሁንም እወደዋለሁ። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» ሲለኝ ይከፋኛል። እናትሽ ዶሮ የሚሠሩ ከሆነ በደንብ አስቢበት።

ድንጋይ ቆራጭ
የሻጩ ነገር ልክ አይደለም። ድንጋይ በመቁረጥ 20 ዓመት ኖሬያለሁና ላስረዳሽ። እብነ በረድ የኖራ ድንጋይ ነበር፤ መሬት ውስጥ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ ነው እንዲህ የሆነው። ዋናው ማዕድኑ ካልሳይት ይባላል። ካልሳይት ደግሞ አሲድ ሲነካው ይሟሟል። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ ቲማቲም፣ ወይን፣ ለስላሳ መጠጥ ሁሉም አሲድ አላቸው። ግራናይት ግን ከቀለጠ አለት ቀዝቅዞ የተሠራ ነው። በውስጡ ያሉት ኳርትዝና ፌልድስፓር ናቸው፤ የኪችን አሲድ አይጎዳቸውም።

ጥንካሬያቸውም ይለያያል። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞህስ መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ነው። ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል። የቢላ ብረት መሃል ላይ ነው። ስለዚህ ቢላሽ እብነ በረዱን ይጭረዋል፣ ግራናይቱ ደግሞ ቢላሽን ያደነዝዘዋል። የትኛውንም ብትገዢ መክተፊያሽን አትጣይ።

ስሙን አትመኚ፣ ድንጋዩን ፈትኚው። ከየዓይነቱ ቁራጭ ለምኚ፤ በየመቁረጫው የሚጣል ስለሆነ አይከለክሉሽም። ቤት ውሰጂና ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ጥረጊው። አንጸባራቂነቱ ከጠፋ እብነ በረድ ወይ የኖራ ድንጋይ ነው፣ ሻጩ ምንም ይበል ምን። ሌላ ቦታ ላይ ውሃ ጠብ አድርጊና ሩብ ሰዓት ጠብቂ። ድንጋዩ ከጠቆረ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባበታል ማለት ነው፤ ሲለር (ውሃና ዘይት እንዳይገባበት የሚቀባ ፈሳሽ) መቀባት ይፈልጋል። ሌላው ጥግ ላይ ዘይት ከእርድና ከበርበሬ ጋር ለውሰሽ አሳድሪው። የእኛን ምግብ የሚችል ድንጋይ እዚያ ላይ ይለያል።

ጥቁሩን ስትፈትኚ አንድ ነገር ጨምሪ። ቀለም የተቀባ ድንጋይ ያጋጥማል። ነጭ ጨርቅ ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አድርገሽ እሺው። ጨርቁ ከጠቆረ ተይው።

የሰሚቷ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄንን ማንም አልነገረኝም። ነገ ሄጄ ቁራጭ እለምናለሁ። ውፍረቱስ? አንዱ 2 ሳንቲ ይበቃል ይላል፣ ሌላው ከ3 አትውረጂ ይለኛል። የኤሌክትሪክ ምጣዱስ ላዩ ላይ ቢቀመጥ ችግር አለው?

ካቢኔት ሠሪ
ስለ ውፍረቱ እኔ ልመልስ። የ2 ሳንቲ ድንጋይ በካሬ 54 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ባለ 3ቱ 80 ይደርሳል። ወርዱ 60 ሳንቲ ከሆነ የአንቺ ካውንተር ወደ 2 ካሬ ነው። እንግዲህ 110 ኪሎ ወይም 160 ኪሎ ካቢኔት ላይ ልታሳርፊ ነው። ካቢኔትሽ ቺፕውድ ከሆነና ከሥሩ በደንብ ከተደገፈ 2 ሳንቲ ይበቃሻል። ወፍራም እንዲመስል ከፈለግሽ ከፊት ጠርዙ ሥር ቀጭን ቁራጭ ይለጠፍለታል። ብዙ ቤት የምታይው ወፍራም ጠርዝ እንደዚያ የተሠራ ነው።

ድንጋይ የሚሰበረው በብዛት ላቫንዲኖው የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ከፊትና ከኋላ የሚቀረው ቀጭን ነዋ። የቀዳዳው ማዕዘን ሹል ሆኖ እንዳይቆረጥ ንገሪያቸው። ክብ ካልሆነ ስንጥቁ ከዚያ ይጀምራል። መጋጠሚያውንም ከላቫንዲኖው አርቁት።

ሌላው፣ ድንጋዩን ካቢኔቱ ተገጥሞ ውሃ ልኩ ሳይታይ አታስቆርጪ። በወረቀት ልክ የተቆረጠ ድንጋይ ግድግዳው ጠማማ ሲሆን አይገጥምም። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስንተኛ ፎቅ እንደሆንሽም አልነገርሽንም። 2 ሜትር ተኩል ድንጋይ በደረጃው መዞሪያ ማለፉን ቀድመሽ ለኪ። ሲሸከሙት ቆሞ ነው እንጂ ተኝቶ አይደለም፤ ከተኛ በራሱ ክብደት ይሰበራል።

ምጣዱን ግራናይት ይችለዋል። ግን ድንጋይ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድንገት ሲግል አይወድም። እግር ያለው ማስቀመጫ አድርጊለት። ሙቀጫ ግን ወለል ላይ ይሁን። ካውንተር ላይ ሲወቀጥ አንድ ቀን ይሰነጠቃል።

ከሜሪላንድ
እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው። እዚህ ብዙ ሰው ኳርትዝ የሚባል ካውንተር ያስገባል (ግራናይት ውስጥ አለ የተባለውን ማዕድን ማለቴ አይደለም)። ያንቺም ሻጭ ሊያሳይሽ ስለሚችል ልናገር። ያ የተፈጥሮ ድንጋይ አይደለም፤ የተፈጨ ድንጋይ በሙጫ ተጋግሮ ነው የሚሠራው። እድፍ አይዝም፣ ሲለር አይፈልግም። ሙጫው ግን ትኩስ ነገር አይችልም። እኔ ከምድጃ ያወጣሁትን ድስት አስቀምጬበት ቢጫ ክብ ቀረብኝ፣ እስከዛሬም አለ። ቁሌት ለሚያቁላላ ሰው አልመክረውም።

ግራናይት ከገዛሽ ደግሞ ማጽጃው የዕቃ ሳሙናና ውሃ ብቻ ነው። በረኪና አያስፈልግም። ዘይት ከገባበት ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እንደ ሊጥ አድርጊና ለጥፊበት፤ በፕላስቲክ ሸፍነሽ አሳድሪው። አንዴ ካልበቃ ድገሚው።

ዳቦ ጋጋሪ
እኔ ስለ እብነ በረድ ትንሽ ልከራከር። ቀዝቃዛ ስለሆነ ለሊጥ እንደሱ ያለ የለም። ፖሊሽ ሳይደረግ ደብዘዝ ብሎ ከተሠራም የሎሚ ምልክት ብዙ አይታይበትም። እኔ ጋ 6 ዓመት ሆነው፣ አልተጸጸትኩም። ግን እኔ ቤት ወጥ የሚሠራው ውጭ ባለው ማዕድ ቤት ነው።

የሰሚቷ
ተመልሻለሁ። ሦስት ቁራጭ አግኝቼ ሁሉንም ሞከርኩ። እብነ በረዱ በ10 ደቂቃ ፈዘዘ። ሳየው እውነት ለመናገር አንጀቴን በላኝ። ጥቁሩን ሎሚውም እርዱም ምንም አላደረጉትም፤ ጨርቁም ነጭ ሆኖ ወጣ። ግን ውሃ ሲደርቅበት ነጭ ነጭ ምልክት ይተዋል፣ አቧራውም ይታያል። ሦስተኛው ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ግራናይት ነው። ከሐረር በኩል፣ ከባቢሌ ነው ያሉኝ። ዘይቱ ትንሽ አጠቆረው፣ በቤኪንግ ሶዳው ግን ለቀቀ። እናቴ አይታ «ይሄ ነው የኔ» አለች። እኛ ፎቅ ሦስተኛ ነው፤ ደረጃውን ለክቼ ሁለት ቦታ እንዲቆረጥ ተስማምተናል። ከእብነ በረዱም ለሊጥ የሚሆን አንድ ቁራጭ ገዝቻለሁ።

ድንጋይ ቆራጭ
ጥሩ መርጠሻል። ሲለሩ ድንጋዩ ታጥቦ በደንብ ከደረቀ በኋላ ይቀባ። የውሃውን ፈተና በየጊዜው ድገሚው፤ መጥቆር ሲጀምር እንደገና ይቀባል። የላቫንዲኖውን ቀዳዳ ቤት ውስጥ በደረቁ እንዳይቆርጡት። የግራናይት አቧራ ለሳንባ ክፉ ነው፣ እናትሽም ልጆችም አሉ። መቁረጫው ቤት በውሃ ይጨርሱት። ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት ደግሞ የመረጥሽው ስላብ (ገና ያልተቆረጠው ትልቁ ጠፍጣፋ ድንጋይ) ጀርባ ላይ በቀለም ምልክት አድርጊ፣ ፊቱንም ፎቶ አንሺው። ሲመጣ ከፎቶው ጋር አስተያይተሽ ተረከቢ።